ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት

ለአንዳንድ ቤተሰብ አሮጌ መኪና ማለት የልጆች ደብተር፣ የወሩ አስቤዛ፣ በሽተኛ ሐኪም ቤት ማድረሻ ማለት ነው። የአጎታችን ፒክአፕም እንዲሁ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራች የቤንዚን ቶዮታ ሃይሉክስ ስትሆን፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሽንኩርትና ቲማቲም እያመላለሰች ሰባት ነፍስ ታስተዳድር ነበር።

አንድ ቀን የሐረጎን ዳገት በመውጣት ላይ ሳለች ማርሿ አስቸገረ። አጎታችን ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ለመቀነስ ዘንጉን ቢስቡት፣ እንደ ገንፎ ማማሰያ ወዲያና ወዲህ ከመዞር በቀር የሚይዘው ነገር አጣ። ጭነት የያዘ መኪና በዳገት ላይ ማርሽ ሲያጣ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ለአንባቢ መንገር አያሻም። ፍሬን ይዘው፣ ረዳቱም ከጎማው ሥር ድንጋይ አስገብቶ፣ እንደ ምንም ማርሹን ፈልገው አገኙትና ቤታቸው ገቡ።

በማግሥቱ አብረናቸው ወደ አንድ ጋራዥ ሄድን። ባለሙያው ዘንጉን አንድ ጊዜ ነቅነቅ አደረገና፣ "ካምቢዮው መውረድ አለበት፤ ምናልባትም መለወጥ ነው" አለን። የጠራው ዋጋ አጎታችን በብዙ ወራት ሠርተው የማያገኙት ነበር። ያን ዕለት ማታ ከባለቤታቸው ጋር ላሟን ስለ መሸጥ ሲመካከሩ ሰማን። እኛ አስተምረን የምናድር ሰዎች ነን፤ ስለ መኪና የምናውቀው ጥቂት ነው። ሆኖም ተማሪዎቻችንን "መልሱን ከመጻፋችሁ በፊት ጥያቄውን በሚገባ አንብቡ" እያልን፣ ራሳችን ጥያቄው ሳይነበብ ላሟ ስትሸጥ ዝም ብለን ማየት ከበደን። ስለዚህ ከሥራ ወደተገለሉ አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ አጎታችንን ይዘን ሄድን።

"ሐጂ፣ ካምቢዮው አልቆለታል ተባልን" አሉ አጎታችን።

"ማን ከፍቶ አየው?"

"ማንም አላየውም።"

"እንግዲያው ገና አላለቀለትም ልጄ። በል ቁልፉን አምጣ።"

በሽታውን መለየት

ሐጂ መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት መፈተን ጀመሩ። ከእርሳቸው የተማርነውን ለአንባቢያን በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ማርሾቹ ሁሉ በቀላሉ እየገቡ፣ ሞተሩ ሲነሳ ግን እየተንጫጩ እምቢ ካሉ፣ ጥፋቱ በአብዛኛው የፍሪሲዮን ነው። የፍሪሲዮኑ ዘይት መጉደሉን፣ የላይኛው ወይም የታችኛው ፓምፕ ማፍሰሱን ማየት ይገባል።

ሁለተኛ፣ ዘንጉ ጠንካራ ሆኖ አንድ ማርሽ ብቻ ሲገባ የሚጮህ ከሆነ፣ ወይም የገባው ማርሽ በጉዞ ላይ በራሱ የሚወጣ ከሆነ፣ ብልሽቱ ካምቢዮው ውስጥ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ማውረድ ግድ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ ማርሽ ገብቶም ሆነ ሳይገባ ዘንጉ ከልክ በላይ የሚወላወል፣ ነገር ግን ጩኸት የሌለው ከሆነ፣ መጀመሪያ መታየት ያለበት ዘንጉ ራሱ ነው። የአጎታችን መኪና ሕመም ይኸኛው ነበር።

ምክንያቱን መረዳት አስቸጋሪ አይደለም። የማርሽ ዘንግ ወደ ታች ጠጋ ብሎ በካምቢዮው አናት ላይ የሚያርፍበት ክብ ጉልበት አለው። እጀታውን ወደ ፊት ስንገፋው የታችኛው ጫፍ ወደ ኋላ ይሄድና ማርሾቹን የሚያንሸራትተውን ብረት ይገፋል። ብረት ከብረት እንዳይፋጭ ጫፉ ላይ የፕላስቲክ ቆብ ይለበሳል። ይህ ቆብ በዕድሜ ብዛት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ተሰባብሮም ይረግፋል። ያኔ ዘንጉ የሚገፋውን ብረት በሚገባ አይጨብጠውም።

ጥገናው

መኪናዋ ደልዳላ ቦታ ላይ ቆመች፤ የእጅ ፍሬን ተያዘ፤ ጎማዎቹ ፊትና ኋላ በድንጋይ ተደገፉ። ማርሹ ዜሮ ላይ ተደረገ። እጀታው ተፈታ፤ የላስቲክ ሽፋኑም ተነሳ። ሐጂ በዚህ ጊዜ አስቁመውን፣ በዙሪያው ያለውን አቧራ ሁሉ በጨርቅ አስጠረጉን። ካምቢዮ ውስጥ የሚገባ አሸዋ ከተሰበረው ፕላስቲክ የባሰ ጠላት ነውና።

ከዚያም የዘንጉን ክዳን በጨርቅ ይዘው ወደ ታች ጫን አደረጉና ወደ ግራ አዞሩት፤ ዘንጉ ተመዞ ወጣ። (በሌሎች ሞዴሎች ክዳኑ በብሎን የታሰረ ሊሆን ይችላል።) ጫፉ ራቁቱን ነበር። የፕላስቲኩ ስብርባሪ ከታች ታየን። ፕላስቲክ በማግኔት ስለማይሳብ፣ በረጅም ወረንጦ አንድ በአንድ ለቅመን ቀዳዳውን በንጹሕ ጨርቅ ከደንን።

ስብርባሪውን ለናሙና ይዘን መለዋወጫ ሱቅ ሄድን። የገዛነው ቆብ ከአውራ ጣት ጫፍ ብዙም አይበልጥም፤ ዋጋውም ለሽንኩርቱ ከምንገዛው ባዶ ጆንያ እምብዛም የራቀ አልነበረም። ግሪስ ቀብተን አለበስነው፤ ዘንጉም ወደ ቦታው ተመለሰ። መጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቀጥሎም ተነስቶ የኋላ ማርሽ ሳይቀር ሁሉም ተሞከረ። እያንዳንዱ ቦታውን አውቆ ገባ።

አጎታችን እጀታውን ይዘው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም "ላሟ እኮ ልትሄድ ነበር" አሉ።

ሐጂ ግን ያን ጋራዥ እንድናማው አልፈቀዱም። "ሰውየው ዋሽቶ ላይሆን ይችላል፤ ቸኩሎ ይሆናል" አሉ። "ችኮላም ቢሆን ግን የሰው ላም ያሸጣል።"

ውድ አንባቢያን፣ ሁሉም ብልሽት በፕላስቲክ ቆብ ይድናል አንልም። ነገር ግን "ይውረድ" ሲባሉ፣ "ምን አይተህ ነው?" ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ሙያ የምትማሩ ወጣቶችም፣ መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት ከትንሹና ከቀላሉ ጀምራችሁ ፈትኑ። ከመኪናው ጀርባ ዕዳውን የሚከፍል ቤተሰብ አለና።