የሰፈር ውሾችን መግደል ከእብድ ውሻ በሽታ ያድነናል?



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ተደጋግሞ የደረሰኝ ጥያቄ አለ። "ዶክተር፣ በሰፈራችን ባለቤት የሌላቸው ውሾች በዝተዋል፣ ልጆችም እየተነከሱ ነው። ኮሚቴው መርዝ ይደረግላቸው እያለ ነው። አንዳንዶቻችን ደግሞ ያሳዝናሉ፣ ይኑሩ እያልን እንከራከራለን። እርስዎ እንደ ሐኪም ምን ይላሉ?"

አጭሩ መልሴ ይሄ ነው፦ መርዙ ልጆቹን አያድናቸውም። ልጆቹን የሚያድናቸው የውሾቹ ክትባት ነው። ለምን እንደሆነ እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

🔹 በመጀመሪያ፣ ፍርሃቱ ትክክል ነው

የእብድ ውሻ በሽታ (ሬቢስ) ቀልድ አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጋ ሰው ይገድላል። በሰው ላይ ከሚከሰተው 99 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከውሻ ነው። ከሚጠቁት ውስጥ ደግሞ 40 በመቶ የሚሆኑት ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። አገራችንም በሽታው በብዛት ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ ናት።

ቫይረሱ ያለው በታመመው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ነው። በንክሻ ከገባ በኋላ ነርቭን ተከትሎ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። አብዛኛውን ጊዜ ምልክት እስኪያሳይ ከ2 እስከ 3 ወር ይወስዳል፣ ከዚያ ሊያጥርም ሊረዝምም ይችላል። ውሃ መፍራት፣ መዋጥ አለመቻል፣ መቅበዝበዝ ከጀመረ በኋላ ግን የሚያድን መድኃኒት የለንም። ሞቱ የማይቀር ነው ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ልጇ የተነከሰባት እናት "እነዚህ ውሾች ይጥፉልኝ" ብትል አልፈርድባትም። የምንለያየው መፍትሄው ላይ ነው።

🔹 መግደል ለምን አይሰራም?

1. ቦታው ባዶ አይቀርም። ውሾቹን ሰፈር ውስጥ ያቆያቸው የቆሻሻ ገንዳው፣ የሥጋ ቤቱ አጥንትና የምግብ ቤቱ ትርፍራፊ ነው። ምግቡ እስካለ ድረስ ነባሮቹ ሲሞቱ ከጎረቤት ሰፈር ሌሎች ይመጣሉ፣ የተረፉትም ይወልዳሉ። የውሻ እርግዝና 2 ወር ገደማ ብቻ ነው። በአንድ ጊዜም በርካታ ቡችሎች ይወለዳሉ።

2. መርዝ የተከተበውንና ያልተከተበውን አይለይም። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ ቫይረሱ የሚተላለፍበት ያጣና ሰንሰለቱ ይበጠሳል። የተከተበ ውሻ ማለት በበሽታውና በልጃችሁ መካከል የቆመ አጥር ነው። እሱን ገድለን ያልተከተበ መጤ ስንተካ አጥሩን በራሳችን እጅ አፈረስን ማለት ነው።

3. ተሞክሮ ታይቷል። የኢንዶኔዥያዋ ባሊ ደሴት እ.ኤ.አ. በ2008 በሽታው ሲገባባት እጅግ ብዙ ውሾችን ገደለች። በሽታው ግን መስፋፋቱን ቀጠለ። በሰው ላይ የሚያደርሰው ሞት መቀነስ የጀመረው ከ2010 ጀምሮ በመላ ደሴቲቱ የውሻ ክትባት በዘመቻ ከተሰጠ በኋላ ነው።

4. መርዙ ራሱ አደጋ ነው። በአገራችን ከተሞች፣ አዲስ አበባን ጨምሮ፣ ለዓመታት ሲሰራበት የነበረው ስትሪክኒን የሚባለው መርዝ ነው። ይህ መርዝ ጡንቻን እያኮማተረና እያንዘፈዘፈ፣ እንስሳው ራሱን ሳይስት ትንፋሹን የሚያቋርጥ ነው። ለሰውም እንዲሁ ገዳይ ነው። መንገድ ላይ የተጣለ መርዛማ ሥጋ ደግሞ ለማን እንደተጣለ አያውቅም። ድመት ይበላዋል፣ አሞራ ይበላዋል፣ ግቢያችሁን የሚጠብቀው ውሻ ይበላዋል፣ ሕፃንም ሊያነሳው ይችላል።

🔹 የሞተ ውሻ መረጃ አይሰጥም

ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ሰው የነከሰ ውሻ ወይም ድመት ታስሮ ለ10 ቀን ክትትል ይደረግበታል። በ10ኛው ቀን በሕይወት ያለና ጤነኛ ከሆነ፣ በነከሰበት ሰዓት ምራቁ ውስጥ ቫይረስ አልነበረም ማለት ነው። ያን ጊዜ ሐኪሙ የተጀመረውን የሰው ክትባት ሊያቆም ይችላል። ውሻው በንዴት ተደብድቦ ወይም ተመርዞ ከተጣለ ግን ይህ ዕድል አለቀ፣ ተነካሹ ክትባቱን እስከ መጨረሻ መውሰድ ሊኖርበት ነው። ልብ በሉ፣ ክትትሉ የሚደረገው ክትባቱ ተጀምሮ ጎን ለጎን ነው እንጂ "10 ቀን እንይና" ተብሎ ክትባት አይዘገይም።

🔹 ድመቶችስ?

ድመትም ሬቢስ ሊይዛትና ልታስተላልፍ ስለምትችል መከተብ አለባት። "ነፍሰ ጡር ስለሆንኩ ድመቷን ላባርር?" ለምትሉኝ እህቶች፣ ማባረር አያስፈልግም። የምንፈራው ቶክሶፕላዝማ የሚባለውን ተውሳክ ነው። የድመቷን ዓይነ ምድር ሌላ ሰው በየቀኑ ያጽዳ። የግድ አንቺ የምታጸጂ ከሆነ ጓንት አድርጊ፣ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ተውሳኩ በጥሬ ሥጋም እንደሚመጣ ግን አትርሺ። ድመቷን አባሮ ጥሬ ክትፎ መብላት በሩን ዘግቶ መስኮቱን እንደመክፈት ነው።

🔹 ታዲያ ሰፈሩ ምን ያድርግ?

✅ ውሾቹን ቁጠሩ። ስንት ናቸው፣ የት ያድራሉ፣ ማን ያበላቸዋል? "ባለቤት አልባ" የምንላቸው አብዛኞቹ የሚያውቃቸው ሰው አላቸው። ዘበኛው፣ ባለሱቁ፣ ሊስትሮው። በክትባት ቀን ይዞ የሚያቀርብልን እሱ ነው።

✅ ጉዳዩን እድር ላይ አንሱት። ተወካይ መርጣችሁ ወደ ወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሂዱና የክትባት ቀን አስይዙ። የአንድ ውሻ ክትባት ዋጋ ለአንድ ተነካሽ ከሚወጣው ጋር አይወዳደርም። የተከተበውን ባለቀለም ማሰሪያ አንገቱ ላይ አስሩለት። ክትባቱ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚተው አይደለም፣ ይደገማል።

✅ ማምከን የሚችል የእንስሳት ሐኪም ካገኛችሁ ከሴቶቹ ጀምሩ። ቁጥራቸው ያለ ጭካኔ የሚቀንሰው በዚህ መንገድ ነው።

✅ በበዓልና በቅርጫ ቀን ሳንባና ጉበት ለውሻ ጥሬውን አትጣሉ። ውሻው ከዚያ ትል ይይዘዋል። ከዓይነ ምድሩ የሚወጣው እንቁላል ደግሞ ወደ ሰው ገብቶ ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት (ሃይዳቲድ ሲስት) ያመጣል። ወይ በደንብ ቀቅላችሁ ስጡት፣ ወይ በጥልቀት ቅበሩት።

✅ ልጆችን አስተምሩ። ውሻ ሲበላ፣ ሲተኛና ቡችሎቿን ስታጠባ አይነካም። ድንጋይ አይወረወርበትም። ሲመጣባቸው አይሩጡ፣ ቀጥ ብለው ይቁሙ።

✅ ጠባዩ የተለወጠ፣ ምራቁ የሚዝረበረብ፣ ያገኘውን የሚነክስ ወይም ሽባ የሆነ ውሻ ካያችሁ አትቅረቡት፣ ወዲያው ለእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳውቁ። እንዲህ ያለውን ማስወገድ ተገቢ ነው፣ ግን በባለሙያ ይሁን።

በነገራችን ላይ ክትባቱ የሚጠብቀው ሰውን ብቻ አይደለም። በባሌ ተራሮች የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 በታች ነው የቀረው። ከውሻ በሚመጣ ሬቢስም በተደጋጋሚ አልቋል። ለዚህ ነው በፓርኩ ዙሪያ ያሉ የገበሬ ውሾች የሚከተቡት።

🔹 ከተነከሳችሁ

1. ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ቅጠል፣ ቡና፣ ቅባት አታድርጉበት።

2. በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። "ትንሽ ጭረት ናት" አትበሉ። የደማ ቁስል ወይም ዓይንና አፍ ውስጥ የገባ ምራቅ ከክትባቱ በተጨማሪ ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባል መድኃኒት ያስፈልገዋል።

3. ቀጠሮውን ጨርሱ። ሁለት ተወግቶ ማቆም አይሆንም።

4. ጸበል መሄድ የሚፈልግ ሰው ይሂድ፣ ክትባቱን ግን አያቋርጥ። ሁለቱ አይጣሉም።

የዓለም የሬቢስ ቀን በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 ይከበራል፣ አብዛኛውን ጊዜ የመስቀል ማግስት ማለት ነው። ያንን ቀን ሳትጠብቁ የሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ላይ ጉዳዩን አንሱ። "መርዝ እናድርግ" የሚል ከተነሳ፣ "በዚያው ድካም ብንከትባቸውስ?" በሉ።

ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ለሰፈራችሁ ግሩፕም ሼር አድርጉት።