የጉልበት ሒሳብ በቡጎሎቢ
ለወጣት ተማሪዎች የሚሰጠው የፊዚክስ ትምህርት ከሰሌዳ ወጥቶ በሥራ ላይ ሲታይ

ነጋዴ በየማታው መዝገቡን ገልጦ ገቢውንና ወጪውን ያመዛዝናል፤ አስተዳዳሪም በበጀት ዓመቱ መጨረሻ የተቀበለውንና ያወጣውን ያስረዳል። በሁለቱም ዘንድ ምክንያቱ ያልታወቀ ጉድለት አይፈቀድም። ፍጥረትም እንዲሁ ሒሳቧ ከቶ የማይዛባ መዝገብ አላት። ፊዚክስ የሚባለው ትምህርት ስለ ኀይል፤ ስለ እንቅስቃሴና ስለ ጉልበት ለወጣት ተማሪዎች ሲያስረዳ፤ በመሠረቱ የሚያስተምረው ይህን መዝገብ ማንበብን ነው።

በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ፤ ከመኻል ከተማው በስተ ምሥራቅ በኩል፤ ቡጎሎቢ የሚባል ሰፈር አለ። ወደ ፖርት ቤል የሐይቅ ወደብ የሚወስደው መንገድ በዚያ ያልፋል፤ በዝቅተኛው ስፍራም የከተማው ፍሳሽ የሚጣራበት ሰፊ ተቋም ይገኛል። የኡጋንዳ መንግሥት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ክፍሎች አዲስ ሥርዐተ ትምህርት ሥራ ላይ አውሎ፤ ተማሪው ቃል ከመሸምደድ ይልቅ በዙሪያው ያለውን ነገር እየመረመረ እንዲማር ወስኗል። ለዚህ ዐይነቱ ትምህርት ከቡጎሎቢ የሚሻል ስፍራ በቀላሉ አይገኝም።

ከቀላሉ ለመጀመር፤ ኀይል ማለት አንዱ ነገር ሌላውን መግፋቱ ወይም መሳቡ ነው። ኡጋንዳ ከጥንት ጀምሮ የታወቀችበት ሸቀጥ ቡና ሲሆን፤ በዓለም ገበያ የሚቆጠረው በ60 ኪሎ ጆንያ ነው። ይህን ጆንያ ምድር ወደ ታች የምትስብበት ኀይል 588 ኒውተን ያኽላል። ተሸካሚው ጆንያውን 1 ሜትር ከ20 ከፍታ ወዳለው የጭነት መኪና ሲያወጣ፤ ኀይሉ በከፍታው ተባዝቶ 706 ጁል ያኽል ሥራ ይሆናል። ሰውየው ሳንቃ አጋድሞ፤ ርዝመቱ የከፍታውን ሦስት እጥፍ የሆነ መንገድ ቢያበጅ፤ የሚያስፈልገው ኀይል ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርድለታል፤ ነገር ግን የሚሄደው መንገድ ሦስት እጥፍ ይረዝማል። በሳንቃው ላይ ያለው ሰበቃ ካልተቈጠረ ሥራው ያው ነው። ሳንቃው ኀይልን አበደረ እንጂ ሥራን በነጻ አልሰጠም።

የዚህ ሥራ ዋጋ ሲታሰብ የሚያስገርም ነገር ይገኛል። አንድ መቶ ጆንያ መኪና ላይ ለማውጣት የሚጠይቀው ሥራ ከ70,000 ጁል ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ይህም 60 ዋት የሆነ አምፑል ለ20 ደቂቃ ያኽል ከሚፈጀው ኤሌክትሪክ ጋራ እኩል ነው። የሰው አካል ከሚያወጣው ጉልበት የሚበዛው ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ ተሸካሚው የሚደክመው ከዚህ አብልጦ ነው። መኪናና ሞተር የዓለምን ንግድ ለምን እንደ ለወጡ ተማሪው ከዚህ ሒሳብ ይረዳዋል።

ወደ እንቅስቃሴ ስንሻገር፤ እንግሊዛዊው አይዛክ ኒውተን በ1687 ባሳተመው መጽሐፍ ሦስት ሕግጋት ደንግጓል። የመጀመሪያው፤ የሚሄድ ነገር የሚያግደው ኀይል እስካላገኘ ድረስ መሄዱን አይተውም የሚል ነው። ሁለተኛው፤ ኀይል የአንድን ነገር ፍጥነት እንደሚለውጥና ነገሩ በከበደ መጠን ለውጡ እንደሚያንስ ያስረዳል። ሦስተኛውም በፖርት ቤል ዳርቻ ይታያል፤ ቀዛፊው ውሃውን ወደ ኋላ ሲገፋ ውሃው ጀልባውን ወደ ፊት ይገፋዋል። ቦዳ ቦዳ በሚባለው የሞተር ብስክሌት ላይ የተቀመጠ መንገደኛ ነጂው ድንገት ፍሬን ሲይዝ ወደ ፊት የሚወረወረው በመጀመሪያው ሕግ ነው። ከዚህም በላይ የፍጥነት ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ልክ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረ መኪና 60 ሲሄድ ጉልበቱ ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል፤ በፍሬን ለመቆምም አራት እጥፍ መንገድ ይፈልጋል። ይህን በልጅነቱ ያስላ ሰው ሾፌር ሲሆን የሰው ሕይወት ያተርፋል።

ጉልበት ማለት ሥራ የመሥራት ችሎታ ነው። መለኪያው ጁል የተባለው ከቢራ ጠማቂ ቤተ ሰብ በተወለደው በእንግሊዛዊው በጄምስ ጁል (1818–1889) ስም ነው። ይህ ሰው በ1840ዎቹ ዓመታት፤ ወደ ታች በሚወርድ ክብደት መቅዘፊያ እያዞረ ውሃ በጠበጠና የውሃው ሙቀት ምን ያኽል እንደ ጨመረ ለካ። በዚህም የጠፋ ይመስል የነበረው ሥራ ወደ ሙቀት መለወጡ ተረጋገጠ። ጉልበት መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም፤ ከምንምም አይፈጠርም።

የቡጎሎቢ ማጣሪያ ለዚህ ሕግ ሕያው ምስክር ነው። ካምፓላ በኮረብታዎች ላይ የተመሠረተች ስለ ሆነች ከከፍታው የሚወርደው ፍሳሽ በራሱ ክብደት ቁልቁል ይጓዛል። መሬቱ ሜዳ በሆነበት ግን ፓምፕ ማንሣት አለበት። ተቋሙ በቀን 45 ሚሊዮን ሊትር እንዲያጣራ የታቀደ ነው። ይህን ያኽል ውሃ አንድ ሜትር ብቻ ከፍ ለማድረግ 441 ሚሊዮን ጁል፤ ማለት 122 ኪሎዋት ሰዓት ያኽል ይጠይቃል፤ በዓመት ሲደመርም ከ44,000 ኪሎዋት ሰዓት ይበልጣል። ፓምፑ ራሱ የሚያባክነው በዚህ ላይ ይታከላል። እንግዲህ ንድፍ ሲነደፍ ያለ ምክንያት የተጨመረ አንድ ሜትር ከፍታ፤ የከተማው ገንዘብ ቤት በየዓመቱ የሚከፍለው ዕዳ ይሆናል።

በሌላው የመዝገቡ ገጽ ደግሞ ገቢ አለ። ከፍሳሹ የሚለየው ዝቃጭ አየር በማይገባባቸው ጋኖች ውስጥ ሲከማች፤ በዐይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን ያብላሉትና ሚቴን የሚበዛበት ጋዝ ይወጣዋል። ጋዙ በሞተር ውስጥ ሲነድ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ያዞራል። ይህ ጉልበት ከወዴት መጣ ብሎ ተማሪው ወደ ኋላ ቢቈጥር፤ ከዝቃጩ ወደ ምግቡ፤ ከምግቡ ወደ ማቶኬው የሙዝ ተክል፤ ከተክሉም ወደ ፀሐይ ይደርሳል።

ነገሩ የትምህርት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በናኪቩቦ ቦይና ረግረግ በኩል የሚወርደው ውሃ የሚገባው በቪክቶሪያ ሐይቅ መርቺሰን ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ነው፤ ከዚሁ ባሕረ ሰላጤ ዳር ካለው የጋባ ማጣሪያም የካምፓላ ሕዝብ የሚጠጣው ውሃ ይቀዳል። ፓምፕ ቢቆም ወይም ሒሳቡ ቢሳት ጕዳቱ ተመልሶ ወደ ከተማው ማድጋ ይመጣል። ሐይቁም በጂንጃ በኩል ወደ ነጭ ዓባይ ይፈሳል፤ በዚያ በ1954 የተመረቀው የኦወን ፏፏቴ ግድብ የውሃን ውድቀት ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል።

ይህ ሒሳብ ለባሕር ጠረፍ ነዋሪም እንግዳ አይደለም። ከምጽዋ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1911 አሥመራ ሲደርስ፤ በ118 ኪሎ ሜትር መንገድ ከባሕር ወለል እስከ 2,300 ሜትር ያኽል ወጥቷል። አንድ ቶን ሸቀጥ ይህን ከፍታ ለመውጣት የሚያስፈልገው ጉልበት በስሌት ከ6 ኪሎዋት ሰዓት ጥቂት ቢበልጥ ነው። በተግባር ግን ባቡሩ ራሱንና ሠረገላውን ይጐትታል፤ ሰበቃውን ያሸንፋል፤ ከሚያነደውም የሚበዛው በጢስና በሙቀት ይባክናል። ነጋዴው በጭነት ዋጋ የሚከፍለው ይህንንም ልዩነት ጭምር ነው።

ስለዚህ ወጣቱ ስለ ኀይልና ስለ ጉልበት የሚማረው ለፈተና ብቻ እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል። ቀመሩን በቃሉ የያዘ ተማሪ ፈተና ሲያልፍ ይረሳዋል፤ ጆንያውን መዝኖ፤ ሳንቃውን ለክቶ፤ የፓምፑን ወጪ አስልቶ የተማረው ግን ነገ የከተማ መሐንዲስ ወይም የመጋዘን ኀላፊ ሲሆን አብሮት ይኖራል። አስተዳዳሪዎች የውሃና የመብራት ተቋሞቻቸውን፤ ነጋዴዎችም መጋዘኖቻቸውን ለተማሪዎች ጕብኝት በወር አንድ ቀን ቢከፍቱ፤ ወጪው እጅግ ጥቂት ሲሆን ትርፉ ሒሳብ የሚያውቅ ትውልድ ይሆናል።