አተላ ያመጣውን ወተት እርጥብ በረት ይወስደዋል

አርሲ ነገሌ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ የምትገኘው አርሲ ነገሌ በአረቄዋ የታወቀች ከተማ ናት። አረቄው ከወጣ በኋላ የሚቀረው አተላ ለከብት ቀለብ ስለሚውል፣ በአካባቢው ላም የሚያልቡ ቤተሰቦች ሌላው ገበሬ የማያገኘው ዕድል አላቸው። ይሁን እንጂ ቀለብ ስለ ተገኘ ብቻ ወተት አይበረክትም። አተላው ያመጣውን ጭቃ በረትና ያልታጠበ እጅ መልሰው ይወስዱታል።

ጉዳቱ የሚከብደው በተዳቀለች ላም ላይ ነው። በአዳሚ ቱሉ አቅራቢያ የነበረው የአበርኖሳ የከብት ማራቢያ ጣቢያ የቦረናን ላም ከፍሪዥያን ጋር እያዳቀለ ጊደሮችን ለገበሬዎች ያከፋፍል እንደነበር ይታወቃል። የአገር ላም በቀን በአማካይ 1 ሊትር ተኩል ያህል ስትታለብ፣ የተዳቀለችው በደህና አያያዝ 8 እስከ 10 ሊትር ልትሰጥ ትችላለች። ነገር ግን ቶሎ ትጎዳለች። በጡት በሽታ የደረቀ የጡት ጫፍ ብዙውን ጊዜ አይመለስም፤ ከአራቱ አንዱ ሲጠፋ የቤተሰቡ የዘይትና የደብተር መግዣ አብሮ ይጎድላል።

መከላከሉ ከበረቱ ይጀምራል። ወለሉ በድንጋይ ተደልድሎ በየ1 ሜትሩ ከ2 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ወደ ቦዩ ቢያዘቀዝቅ ሽንት አይጠራቀምም። ለአንዲት ላም ወርዱ 1 ሜትር ከ20፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ10 ያህል የሆነ መተኛ ይበቃል። እበቱ ጧትና ማታ ሊዛቅ፣ የረጠበው ጉዝጓዝም ሊለወጥ ይገባል።

ቀጥሎ የሚመጣው አስተላለቡ ነው። አላቢው እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ ጡቱንም አጥቦ ለየላሟ በተለየ ጨርቅ ያደርቃል። የመጀመሪያውን ጥቂት ወተት በጥቁር ጨርቅ ላይ ሲያልብ የረጋ ቅንጣት ወይም ደም ከታየ ላሚቱ ታማለች ማለት ነው፤ እርሷ በመጨረሻ ትታለብ፣ ለእንስሳት ሐኪምም ይነገር። ከታለበች በኋላ የጡቷ ቀዳዳ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይዘጋ ስለሚቆይ ወዲያው መተኛት የለባትም። ስለዚህ አተላውና ድርቆሹ ከታለበች በኋላ ቢቀርቡላት እየበላች ቆማ ትቆያለች።

አተላው ቀዝቅዞ፣ ሳይበላሽ፣ ከጭድ ወይም ከድርቆሽ ጋር መሰጠት አለበት። አተላ የጠጣች ላም ውኃ አያስፈልጋትም ማለት ስሕተት ነው፤ ለ1 ሊትር ወተት ከ3 እስከ 5 ሊትር ውኃ ትፈልጋለች።

ይህ ሁሉ በየቤቱ የሚሠራ ነው። አባሰንጋን፣ አባጎርባንና የአፍና የእግር በሽታን ግን የአንድ ሰው አጥር አያግዳቸውም። የደስታ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው ከብቱ በየአገሩ በኅብረት ስለ ተከተበና በሽታው የታየበት ቦታ ሁሉ በጥብቅ ስለ ተጠበቀ ነው።

ስለሆነም የገበሬ ማኅበርና የቀበሌ መሪዎች ድርሻ ከባድ ነው። የክትባት ቀን ሲነገር አንድም ከብት ቤት እንዳይቀር፣ ከገበያ የተገዛው ከመንጋው ሳይቀላቀል 3 ሳምንት ያህል ተለይቶ እንዲቆይ፣ የጨነገፈች ላም ሳትደበቅ ለባለሙያ እንድትታይ ማድረግ ይጠበቅባቸዋል። በድንገት የሞተውን ከብት ማንም እንዳይከፍተውና ሥጋውን እንዳይከፋፈል መከልከልም የእነርሱ ፈንታ ነው፤ አባሰንጋ ሰውንም ይገድላልና።