የምጽዋት መጋቢና የእጅ ስልክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ዛሬ ሙዳየ ምጽዋት በቤተ ክርስቲያን ደጅ ብቻ የሚቆም አይደለም፤ በሰው ኪስም ገብቷል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከተጀመረ ወዲህ፥ በፍኖተ ሰላም ገበያ በርበሬውን የሸጠ ገበሬም፥ የቡሬ ነጋዴም፥ በአዲስ አበባ የሚኖር የአገሩ ልጅም ምጽዋቱን በስልክ ሊልክ ይችላል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ስልክ ገንዘብን ያደርሳል እንጂ መታመንን አያደርስም፤ መታመን ከመጋቢው የሚፈለግ ነው።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው፥ በዕለቱ ምግብ እደላ መበለቶች ቸል ተባሉ የሚል ማጉረምረም በተነሣ ጊዜ፥ ሐዋርያት ነገሩን አልሸፈኑትም፤ በመልካም የተመሰከረላቸውን ሰባት ዲያቆናት ሾሙ እንጂ። ቅዱስ ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድኆች በተሰበሰበው ገንዘብ ማንም እንዳይነቅፈው ቲቶንና ሌሎች ወንድሞችን በሥራው አሰማራ። ቤተ ክርስቲያናችንም በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዓዋዲ፥ ካህናት፥ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በሰበካ ጉባኤ ተባብረው የአጥቢያውን ሀብት እንዲጠብቁ ሥርዓት ሠርታለች።

እንግዲህ ዲጂታል አመራር የሚባለው ከዚህ ሥርዓት ሊወጣ አይገባውም። የምጽዋቱ ሒሳብ በአንድ ሰው ስም ሳይሆን በቤተ ክርስቲያኑ ወይም በማኅበሩ ስም ይከፈት፤ ያለ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ፊርማ ገንዘብ አይውጣ። ገቢውና ወጪው በሰንበት በሕዝብ ፊት ይነበብ፤ ስልክ የሌላት የገጠር መበለት ስለ ሰጠቻት ጥቂት ሳንቲም የማወቅ መብት አላትና። የችግረኛውንም ፊት በስልክ እያሳዩ መለመን፥ እንጀራ ሰጥቶ ክብርን እንደ መንጠቅ ነው።

ደግሞም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን አንርሳ። መዝገቡን ሁሉ በስልክ ብቻ ያኖረ የማኅበር ሙሴ፥ በእንዲህ ያለ ቀን የሚረዳቸውን ድኆች በምን ይቈጥራል? ስለዚህ የወረቀቱ መዝገብ ከስልኩ ጎን አይታጣ።

ይሁዳ ከረጢት ያዥ ነበር፤ ያጠፋው ግን ልቡ እንጂ ከረጢቱ አይደለም። ስልክም የዘመናችን ከረጢት ነው። ፍኖተ ሰላም የሰላም መንገድ ማለት እንደ ሆነ፥ ምጽዋታችንም ሰጪው ሳይጠራጠር፥ ተቀባዩ ሳያፍር፥ መጋቢውም ሒሳብ ለመስጠት ሳይፈራ የሚሄድበት የሰላም መንገድ ይሁንልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።