ጸጉራሙ ፍሬ በጆርጄት ቼን ሸራ ላይ

ሲንጋፖራዊቷ ሠዓሊ ጆርጄት ቼን ጠረጴዛ ላይ የተዘረገፉ ፍራፍሬዎችን ደጋግመው ሥለዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1965 የሠሩት «ጣፋጭ ራምቡታኖች» ከእነዚህ አንዱ ነው። ሥዕሎቹ ደስ ስለሚሉ እንደ ሳሎን ጌጥ አይቶ ማለፍ ይቀላል። እኔ ግን በውስጣቸው ያለው ጨዋታ ራሱ ቁም ነገር ነው እላለሁ፤ ሠዓሊዋ በፓሪስ የተማሩትን ሙያ ለአዲሱ አገራቸው ያስገዙት በዚሁ ጨዋታ ነውና።

ነገሩ ከፍሬው ይጀምራል። ራምቡታን ከዶሮ እንቁላል አነስ ያለ፣ ቀይ ልጣጩ በለስላሳ ጸጉር የተሸፈነ፣ ውስጡ ነጭና ውሃ ያዘለ ፍሬ ነው። ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው፤ በማላይ ቋንቋ «ራምቡት» ጸጉር ማለት ነው። በፓሪስ ትምህርት ያለፈ ሠዓሊ ፍራፍሬ ሲሥል የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የሴዛንን ፖም ሊረሳ አይችልም። ፖም ደግሞ ለሠዓሊ የተመቸ ነው፦ ጠርዙ ጥርት ያለ ነው፣ ብርሃን በአንድ ጎኑ አርፎ ቀስ እያለ ወደ ጥላ ይዞራል፣ ጠረጴዛ ላይም ለሳምንታት ይቆያል። ራምቡታን ይህን ሁሉ ይነሣል። ጸጉሩ ጠርዙን ይበትነዋል፤ ጥላው በጸጉሮቹ መካከል ይወሸቃል፤ በሲንጋፖር ሙቀት በጥቂት ቀናት ውስጥ ጸጉሩ ጠውልጎ ይጠቁራል። እንዲህ ያለውን ፍሬ የሚሥል ብሩሽ እየተንሸራተተ ሳይሆን እየዘለለ መሄድ አለበት፤ ፍጥነትም ይጠይቃል።

ይህ የአውሮፓ ዘዴ ፍሬ ብቻ ለውጦ ነው የሚል ሊኖር ይችላል። ክሱ ክብደት አለው፤ የዘይት ቀለሙም ሸራውም ከዚያ የመጡ ናቸው። ሆኖም የአገሩ ፍራፍሬ ከቼን በፊትም ተሥሏል፤ ልዩነቱ የሚታየውም እዚያ ላይ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በማላይ ልሳነ ምድር ያለችው የማላካ ከተማ የብሪታንያ ገዥ የነበረው ዊልያም ፋርኳር ቻይናውያን ሠዓሊዎችን ቀጥሮ 477 የዕፅዋትና የእንስሳት ሥዕሎች አሠርቷል። የእጅ ሥራቸው እጅግ ያምራል፤ ግን ዓላማቸው ዝርያን ለይቶ ማሳወቅ ስለነበር ፍሬው ባዶ ወረቀት ላይ ለብቻው ይቆማል። በቼን ሸራ ግን ፍሬው ጠረጴዛ ላይ፣ ከሌሎች ጋር ተከምሮ፣ ሊበላ ነው። የዘዴው ምንጭ አውሮፓ ቢሆንም የሚያየው ዓይን የጎብኚ አይደለም።

«እርሳቸው ራሳቸው መጤ አልነበሩም ወይ?» ለሚለው መልሱ ሕይወታቸው ነው። ባለቤታቸው፣ የቻይና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ዩጂን ቼን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በ1944 ሻንግሃይ ውስጥ አረፉ። እርሳቸው በ1951 ወደ ፔናንግ፣ ከዚያም ወደ ሲንጋፖር መጡ፤ ከ1954 እስከ 1980 በናንያንግ የሥነ ጥበብ አካዳሚ አስተማሩ፤ በ1993 እስኪሞቱም መኖሪያቸው ሲንጋፖር ነበረች። ማላይኛ ተምረው «ቼንዳና»፣ ማለትም ሰንደል፣ የሚል የማላይ ስም ይዘዋል።

1965 ሲንጋፖር ከማሌዥያ የተለየችበት ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ፍራፍሬ መሣል ከዘመኑ መሸሽ ሊመስል ይችላል፤ እኔ ተቃራኒው ይታየኛል። የማላዩም፣ የቻይናውም፣ የሕንዱም ቤተሰብ በማላይ ስሙ እየጠራ ገዝቶ የሚበላው ፍሬ ነበር ሠዓሊዋ ጠረጴዛው ላይ ያኖሩት።