ውኃን ከጥሩ፦ ጤናማ የመጠጥ ውኃ እንዴት ይመረጣል?

መግቢያ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚለው ብሂል ውኃ ሲቀዳ ከጠራው ሥፍራ ሊቀዳ እንደሚገባ ያስተምራል። ለረጅም ዘመናት ሰው የሚጠጣውን ውኃ የመረጠው በዓይኑ፣ በአፍንጫውና በምላሱ ነው። ያልደፈረሰ፣ ያልሸተተና ጣዕሙ ያልተለወጠ ውኃ ጥሩ ውኃ ተብሎ ሲጠጣ ኖሯል። ዛሬ ምርጫው በዝቷል። የቧንቧ፣ የጉድጓድ፣ የምንጭና የዝናብ ውኃ ብቻ ሳይሆን የታሸገ፣ ማዕድናማና «አልካላይን» የሚባል ውኃም ለተጠቃሚው ይቀርባል። በመሆኑም «ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ ጤናማው የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ በየቤቱ ይነሣል።

ለዚህ ጥያቄ በአንድ ቃል የሚሰጥ መልስ የለም። ጤናማነት ከውኃው ስም ወይም ዓይነት ጋር የተወለደ ባሕርይ ሳይሆን፣ ውኃው ያለፈበት አፈርና ዐለት፣ የተደረገለት ማጣራት፣ የተቀመጠበት ዕቃና የሚጠጣው ሰው ሁኔታ በአንድነት የሚወስኑት ጉዳይ ነው። ይህን በግልጽ ከሚያሳዩ ቦታዎች አንዱ የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ነው። በዚያ አካባቢ ከጥልቅ ጉድጓድ የወጣና እንደ መስታወት የጠራ ውኃ አጥንት ሊያጎብጥ ይችላል፤ የደፈረሰ ወንዝ ግን በአግባቡ ከተጣራ ከተማን በጤና ሊያጠጣ ይችላል።

ዓይንና ምላስ የማይደርሱበት

የሰው ስሜት ሕዋሳት በመጠጥ ውኃ ረገድ ደካማ ዳኞች መሆናቸውን ካስመሰከሩ ታሪኮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ውስጥ የተከሠተው የኮሌራ ወረርሽኝ ነው። ሐኪሙ ጆን ስኖው ሟቾች የነበሩባቸውን ቤቶች እየተከታተለ ሲመረምር፣ አብዛኞቹ በብሮድ ስትሪት ከነበረ አንድ የውኃ መሳቢያ ይጠጡ እንደነበር ደረሰበት። ከሟቾቹ መካከል ከሠፈሩ ርቀው የሚኖሩ አንዲት ባልቴት ይገኙ ነበር። እኒህ ሴት የዚያን ጉድጓድ ውኃ ጣዕም ስለሚወዱት በየዕለቱ በጋሪ ያስመጡ ነበርና፣ የጣዕም ምርጫቸው የሞታቸው ምክንያት ሆነ።

በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች፣ ቫይረሶችና ጥገኛ ተሕዋስያን በዓይን አይታዩም፤ የውኃውንም ጣዕም ላይለውጡት ይችላሉ። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የውኃን ደኅንነት የሚመዝነው በጥራቱ መልክ ሳይሆን በምርመራ ነው። ከዐይነ ምድር ጋር መነካካትን የሚጠቁመው «ኢ. ኮላይ» የተባለው ባክቴሪያ በ100 ሚሊ ሊትር ናሙና ውስጥ ፈጽሞ መገኘት የለበትም። እንደ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ያሉ በሽታዎች በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሕፃንን ለሞት ሊያደርሱ ስለሚችሉ፣ ከውኃ ወለድ አደጋዎች ሁሉ ቀዳሚውን ሥፍራ የሚይዘው ይኸው የተሕዋስያን ብክለት ነው።

ብዙ አገሮች ከገጸ ምድር ውኃ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ የዞሩትም በዚህ ምክንያት ነው። ወደ መሬት የሰረገ ውኃ በአፈርና በዐለት ንብርብሮች እየተጣራ ስለሚወርድ ከተሕዋስያን በአመዛኙ የጸዳ ይሆናል። ይሁን እንጂ ውኃን ከተሕዋስያን የሚያጠራው ያው ጉዞ በዐለት ውስጥ ያሉ ኬሚካሎችን ሊያሟሟበትም ይችላል። በባንግላዴሽ የደረሰው ይህ ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሕዝቡን ከኩሬ ውኃና ከተቅማጥ በሽታ ለማዳን እጅግ ብዙ የጉድጓድ ቧንቧዎች ተተከሉ። እ.ኤ.አ. በ1993 ግን ከእነዚህ ጉድጓዶች በርካቶቹ አርሰኒክ የተባለውን መርዛማ ንጥረ ነገር እንደያዙ ተረጋገጠ፤ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብም ለአደጋው ተጋልጦ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ጉድጓዶቹ አንድ በአንድ እየተመረመሩ አደገኞቹ ቀይ፣ ደኅናዎቹ አረንጓዴ ቀለም እንዲቀቡ ተደረገ። ሁለቱን ጉድጓዶች በመልክም ሆነ በጣዕም መለየት ስለማይቻል ልዩነቱን የሚያሳየው ቀለሙ ብቻ ነበር።

የስምጥ ሸለቆው ትምህርት

በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የአርሰኒክን ሥፍራ በዋነኝነት የያዘው ፍሎራይድ ነው። የአካባቢው ምድር በእሳተ ገሞራ ዐለት፣ ዐመድና ፐሚስ የተሸፈነ ሲሆን፣ እነዚህ ዐለቶች ፍሎራይድን ለውኃው ይሰጣሉ። ካልሲየም በበዛበት ውኃ ውስጥ ፍሎራይድ ከካልሲየም ጋር ተዋሕዶ ፍሎራይት የተባለ ማዕድን በመሆን ይዘቅጣል። የስምጥ ሸለቆው ከርሰ ምድር ውኃ ግን በብዙ ቦታ ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰበት ስለሆነ ፍሎራይዱ ሳይዘቅጥ ሟምቶ ይቀራል። የምድር ውስጥ ሙቀትና ብርቱ ትነትም መጠኑን ይጨምሩታል። ውኃቸው በትነት እንጂ በወንዝ በማይወጣባቸው እንደ ሻላና አቢያታ ባሉ ሐይቆች የፍሎራይዱ መጠን በሊትር ከ100 ሚሊ ግራም በላይ ይደርሳል።

ፍሎራይድ በራሱ ጠላት አይደለም። በአነስተኛ መጠን የጥርስን መቦርቦር ይከላከላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የመመሪያ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚህ በላይ ያለውን ውኃ አዘውትረው በሚጠጡ ሕፃናት፣ ቋሚ ጥርሶቻቸው ከድድ ውስጥ በሚሠሩበት እስከ ስምንት ዓመት ባለው ዕድሜ፣ የጥርሳቸው ሽፋን ይጎዳል። ጥርሱ በኋላ ሲበቅል ነጭ ወይም ቡናማ ዝንጉርጉር ይሆናል፤ በመፋቅም ሆነ በመቦረሽ አይለቅም። መጠኑ ሲጨምርና ዘመኑ ሲረዝም ፍሎራይዱ በአጥንት ውስጥ ይከማቻል፤ መገጣጠሚያ ይገትራል፣ ጀርባ ያጎብጣል። እንዲህ ያለው የአጥንት ጉዳት ከጸና በኋላ የሚመልሰው መድኃኒት የለም። በወንጂ የሸንኮራ አገዳ እርሻ የጉድጓድ ውኃ ለረጅም ዓመታት በጠጡ ሠራተኞች ላይ ይህ ጉዳት በ1970ዎቹ በሕክምና ባለሙያዎች ተመዝግቧል።

የመጠኑን ትርጉም በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። በሊትር 3 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ ያለበትን ውኃ በቀን 2 ሊትር የሚጠጣ የቢሮ ሠራተኛ 6 ሚሊ ግራም ይወስዳል። ያንኑ ውኃ በቆላ ፀሐይ እየሠራ 5 ሊትር የሚጠጣ የቀን ሠራተኛ ግን 15 ሚሊ ግራም ይወስዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምገማ በቀን ከምግብና ከመጠጥ የሚገባው ፍሎራይድ በድምሩ 14 ሚሊ ግራም ሲደርስ በአጥንት ላይ ግልጽ ጉዳት እንደሚታይ፣ ከ6 ሚሊ ግራም ጀምሮም ሥጋት የሚሰጡ ምልክቶች እንዳሉ ይገልጻል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ውኃ ለሁለት ሰዎች እኩል አደገኛ አይደለም። ወጥና ሻይ የሚሠራበት ውኃም በዚህ ስሌት ውስጥ ይገባል።

የአዳማ ከተማ የውኃ አቅርቦት የዚህን ጉዳይ ሌላ ገጽታ ያሳያል። በከተማዋ ዙሪያ የሚገኘው የከርሰ ምድር ውኃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ የበዛበት በመሆኑ፣ ከተማዋ በዋነኝነት የምትጠቀመው ከአዋሽ ወንዝ ተስቦ በማጣሪያ ጣቢያ የሚያልፈውን ውኃ ነው። በዓይን ለሚመርጥ ሰው ደለል የተሸከመው አዋሽ ከጠራው የጉድጓድ ውኃ ጋር ሊወዳደር አይችልም። ነገር ግን ደለልን ማዝቀጥና ተሕዋስያንን በክሎሪን መግደል የታወቀና በአንጻራዊነት ርካሽ ሥራ ሲሆን፣ ፍሎራይድን ማውጣት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

አንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም

በየቤቱ የሚታወቀው የውኃ ማከሚያ ማፍላት ነው። ውኃን እስኪንተከተክ ማፍላት ተሕዋስያንን በአስተማማኝ ሁኔታ ይገድላል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጡ እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከተሞች ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ፣ ለሦስት ደቂቃ እንዲንተከተክ መተው ይመከራል። በፍሎራይድ ላይ ግን ማፍላት ፋይዳ የለውም፤ ይልቁንም ይጎዳል። በሊትር 3 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ ያለው 5 ሊትር ውኃ ፈልቶ 4 ሊትር ቢቀር፣ የተነነው ውኃው ብቻ ስለሆነ መጠኑ በሊትር ወደ 3.75 ሚሊ ግራም ያድጋል። ለልጆቿ በጥንቃቄ ውኃ የምታፈላ እናት ከአንዱ አደጋ ስትጠብቃቸው ሌላውን ሳታውቅ ልትጨምርባቸው ትችላለች ማለት ነው።

እንደ «ውኃ አጋር» ያሉ የክሎሪን ማከሚያዎችም ተሕዋስያንን እንጂ ፍሎራይድን አያስወግዱም። በጨርቅ ማጥለልና የሸክላ ማጣሪያም እንዲሁ። ፍሎራይድን የሚቀንሱት ለዚሁ የተዘጋጁ ዘዴዎች ናቸው። በሕንድ የተቀመረውና «ናልጎንዳ» የተባለው ዘዴ አሉሚኒየም ሰልፌትንና ኖራን በመጨመር ፍሎራይዱን ያዘቅጣል። የአጥንት ከሰል፣ ማለትም አየር በተገደበበት ምድጃ የከሰለ የከብት አጥንት፣ ፍሎራይድን ወደ ራሱ ይስባል፤ ሆኖም ሲሞላ መተካት አለበት፤ የአጥንቱ ምንጭም በተጠቃሚው ሃይማኖትና ልማድ ዘንድ ተቀባይነት ሊኖረው ይገባል። ውኃን በግፊት በስስ ሽፋን የሚያሳልፈው የማጣሪያ መሣሪያም ይሠራል፤ ነገር ግን ኤሌክትሪክ፣ ገንዘብና የማያቋርጥ ጥገና ይጠይቃል። በመሆኑም ከማጣራት በፊት ሊታሰብ የሚገባው ሌላ ምንጭ መፈለግ ነው። ዐለት ያልነካው የዝናብ ውኃ ፍሎራይድ እምብዛም የለበትም፤ የጣራው ቆሻሻ እንዲወርድ የመጀመሪያው ዝናብ ከተደፋና ውኃው በክሎሪን ወይም በማፍላት ከታከመ ለመጠጥ ይሆናል።

የታሸገ፣ ማዕድናማና «አልካላይን» ውኃ

ውኃ ታሽጎ መቅረቡ በራሱ ከታከመ የቧንቧ ውኃ ይበልጥ ጤናማ አያደርገውም። የታሸገ ውኃ ጥቅሙ የቧንቧ ውኃ በማይታመንበት ጊዜና ሥፍራ የተሻለ አማራጭ መሆኑ ነው። ሲገዛም ማሸጊያው አለመከፈቱን፣ የአገልግሎት ዘመኑንና በመለያው ላይ የተጻፈውን የፍሎራይድና የሶዲየም መጠን ማየት ያስፈልጋል። የፕላስቲክ ጠርሙስ ለረጅም ጊዜ በፀሐይ ላይ ሊቀመጥ አይገባም።

በተፈጥሮ ጋዝ ያላቸው ማዕድናማ ውኃዎች ለጤናማ ሰው ጥሩ መጠጥ ናቸው። ብዙዎቹ ግን ሶዲየም ስለሚይዙ፣ ጨው እንዲቀንስ የታዘዘ የደም ግፊት ወይም የኩላሊት ሕመምተኛ መለያውን ሳያነብ የዘወትር ውኃው ሊያደርጋቸው አይገባም። «አልካላይን» ውኃ የሰውነትን አሲድነት ያስተካክላል የሚለው ማስታወቂያም በሥነ ሕይወት አይደገፍም። የጨጓራ አሲድ ለሚጠጣው ውኃ ተገዢ አይደለም፤ የደምን የፒ ኤች መጠን ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ የሚጠብቁት ሳንባና ኩላሊት ናቸው። በስምጥ ሸለቆ ደግሞ ከፍተኛ ፍሎራይድ የሚገኘው አልካላይን በሆነው ውኃ ውስጥ መሆኑ፣ አልካላይንነት የጤና ማረጋገጫ ሊሆን እንደማይችል ያሳያል።

የምርጫ ቅደም ተከተል

ከላይ ከተገለጹት ነጥቦች በመነሣት ምርጫው በሚከተለው ቅደም ተከተል ሊካሄድ ይችላል። በመጀመሪያ ውኃው ከበሽታ አምጪ ተሕዋስያን የጸዳ መሆኑ ይረጋገጣል፤ ካልሆነ ይፈላል ወይም በክሎሪን ይታከማል። በሁለተኛ ደረጃ የአካባቢው የኬሚካል አደጋ ምን እንደሆነ ይጠየቃል። በስምጥ ሸለቆ ጥያቄው ስለ ፍሎራይድ ነው፤ የሁለት ጎረቤት ጉድጓዶች መጠን እጅግ ሊለያይ ስለሚችል እያንዳንዱ ጉድጓድ ለብቻው መመርመር አለበት። በሦስተኛ ደረጃ የጠጪው ዕድሜ፣ ሥራና ሕመም ይታያል። ዝቅተኛ ፍሎራይድ ያለው ውኃ ለሁሉ የማይበቃ ከሆነ፣ ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ ብቻ ተለይቶ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ቅድሚያ ሊሰጥ፣ ሌላው ውኃ ለእጥበት ሊውል ይችላል። በመጨረሻ አቀማመጡ ይታሰባል። ንጹሕ ሆኖ የተቀዳ ውኃ ባልታጠበ ጀሪካን ከተያዘ፣ ወይም ክዳን በሌለው እንስራ ተቀምጦ በእጅ በተነካ ጣሳ ከተጨለፈ ዳግም ይበከላል። የማዕድን ብዛትና ጣዕም የሚመዘኑት ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ማጠቃለያ

ጤናማው ውኃ በስሙ፣ በዋጋው ወይም በጥራቱ መልክ ተለይቶ አይታወቅም። ተሕዋስያን ያለበት ውኃ በቀናት ውስጥ ይጎዳል፤ በቤት ውስጥ ግን ሊታከም ይችላል። ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ ዝም ብሎ ለዓመታት ይጠጣል፤ ጉዳቱ ሲታይ ጥርሱ በቅሏል፣ አጥንቱም ጸንቷል። በመሆኑም አዲስ ጉድጓድ ተቆፍሮ ውኃ ሲፈልቅ፣ ለማኅበረሰቡ ከመከፈቱ በፊት የምርመራ ውጤቱ ሊታወቅና በግልጽ ሊነገር ይገባል። የቀድሞው ብሂል ዛሬም ይሠራል፤ ነገር ግን ጥሩውን ከመጥፎው ለመለየት ከዓይን በተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል።