ጊታሩን ታውቁታላችሁ፤ የተጫወተውንስ?

የማህሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ» ያልሰማ አለ? ዘፋኙን ማንም ይነግራችኋል። ጊታሩን ማን ተጫወተው ብንላችሁ ግን ብዙዎቻችሁ ወደ ጉግል ነው የምትሮጡት።

ሰላም ሥዩም ወልደማርያም ይባላል፤ «ሰላሚኖ» ብለው የሚጠሩትም አሉ። አድናቂዎቹ ደግሞ «የኢትዮጵያው ጂሚ ሄንድሪክስ» ይሉታል።

ለምን ሄንድሪክስ? የብሉዝና የሮክ ጊታሪስቶች ክሩን እየሳቡ፣ ድምፁን በፔዳል እያሻከሩ ይጫወታሉ። ሰላም ይህን አጨዋወት ወደ እኛው ቅኝት አመጣው። ትዝታም ባቲም የተሠሩት በአምስት ድምፅ ነው፤ ብዙ የብሉዝ ሶሎም እንዲሁ። ለዚህ ይመስለናል ኤሌክትሪክ ጊታሩ ለጆሯችን ባዕድ ያልሆነው፤ አንዳንዴማ ክራር ነው የሚመስለው።

ዘፈኑ እ.ኤ.አ. በ1975 ሲቀረፅ ሰላም የአይቤክስ ባንድ ጊታሪስት ነበር፤ ቤዙ የጆቫኒ ሪኮ ነው። ባንዱ ራስ ሆቴል ይጫወት ነበር። በ1976 እዚያው ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ድምፃዊ የሌለበት፣ በመሣሪያ ብቻ የሆነ ሙዚቃ ቀረፁ።

ዘመኑ የደርግ ሰዓት እላፊ ዘመን ነበር። ማታ ክለብ የገባ ሰው እስኪነጋ እዚያው ነው፤ ሙዚቀኛውም እንደዚያው። አይቤክስ ሮሃ ባንድ ወደሚባለው የተሸጋገረው በዚያ ዘመን ሲሆን፣ የ80ዎቹን ካሴቶች ለሰበሰበ ሰው ሮሃ የሌለበት መደርደሪያ የለም። ሰላም የተሳተፈባቸው አልበሞች ከ250 በላይ እንደሆኑ ይነገራል።

እኛን የገረመን ግን ሌላ ነው። ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ስትወርዱ የምታገኙት ስድስት ኪሎ ግቢ፣ ይሄ ሰው የታሪክ ተማሪ ነበር! በ1988 የመመረቂያ ጽሑፉን የሠራው በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ አነሳስና እድገት ላይ ነው፤ ከ1896 እስከ 1974 ያለውን። ጊታሩን የያዘው ሰው ታሪኩንም ጻፈው ማለት ነው። በኋላ አሜሪካ ሄዶ ዋሽንግተን አካባቢ ኖረ።

ሄንድሪክስም መጀመሪያ ከሊትል ሪቻርድ ጀርባ ነበር የሚጫወተው፤ በኋላ የራሱን ባንድ አቁሞ ወደ ፊት ወጣ። እኛ ጋ ግን የካሴቱ ሽፋን የዘፋኙ ነው፤ ዛሬም ዩቲዩብ ላይ አሮጌ ዘፈን የሚጭኑ ቻናሎች አብዛኞቹ የዘፋኙን ስም ብቻ ነው የሚጽፉት። እናንተ የምትጭኑ ካላችሁ፣ የሙዚቀኞቹን ስም ለመጨመር አንድ መስመር ይበቃል።